ለጉባኤ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ አካባቢን የማይጎዳ ምግብና የትርፍ ጊዜ መዋያ ከየት እናገኛለን?

የሳቢያኗ (ድሬዳዋ)፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በኅዳር መጨረሻ ስለ ከተሞች የመጠጥ ውሃ አቅርቦት የሚመክር የሦስት ቀን ጉባኤ በአዲስ አበባ፣ ከመስቀል አደባባይ ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ይካሄዳል። እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ መሥሪያ ቤታችንን ወክለን እንሄዳለን። እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ ስገኝ ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ቀኑን ሙሉ ስለ ውሃ ብክለትና ስለ ደን መመናመን ስንነጋገር እንውላለን፤ በእያንዳንዳችን ፊት ግን የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ይደረደራል፣ ምሳ ላይም ሳህን ሙሉ ምግብ ሳይነካ ይመለሳል። ባለፈው ዓመት ከተሳተፍኩበት ስብሰባ ስወጣ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ በግማሽ የተጠጡትን ጠርሙሶች አንድ በአንድ እየከፈተች ውሃውን ባልዲ ውስጥ ስታንቆረቁር አየሁ። ባልዲው ሁለት ጊዜ ሞልቶ ተደፋ። በዚያው ቀን ጠዋት ያቀረብኩት ጽሑፍ ስለ ውሃ ብክነት ነበር፤ ያ ባልዲ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ስለዚህ በዚህ ጊዜ አስቀድመን ተዘጋጅተን መሄድ እንፈልጋለን። ለጉዞው መሥሪያ ቤቱ የአውሮፕላን ትኬት ሊቆርጥልን ነበር፤ እኛ ግን በባቡር እንድንሄድ ጠይቀን ተፈቅዶልናል። ጉዞው ግማሽ ቀን ይወስዳል፣ ባቡሩም በየቀኑ ስለማይነሳ ከጉባኤው አንድ ቀን ቀድመን መግባት ግድ ይሆንብናል። ቢሆንም መስመሩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ በመሆኑ፣ የአገራችን ኤሌክትሪክም ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውሃና ከነፋስ የሚመነጭ በመሆኑ፣ ቀኑ ባከነ አልልም።

ምግቡን በተመለከተ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ባልደረባዬ ኦርቶዶክስ ነው፣ ወቅቱም ጾመ ነቢያት ነው። የሥጋ ነገር ቢሆን ኖሮ ገበታችን ይለያይ ነበር፤ በጾም በያይነቱ ግን ከአንድ ትሪ እንበላለን። ይህ ለአካባቢም የሚበጅ ይመስለኛል። ይሁንና የጾም ምግብ ስለሆነ ብቻ ጉዳት የለውም ማለት ይቻላል ወይ? ምግብ ቤት ስንገባ ምን ብለን እንጠይቅ? ጉባኤው ዓርብ ያበቃል፤ ባቡራችን እሑድ ስለሚነሳ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ነጻ ነን። ከገበያ አዳራሾች ይልቅ ከተማዋን በእግራችን የምናይበትን፣ ከሥራችንም ጋር የሚገናኝ ቦታ ብትጠቁሙን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው።

የቄራዋ ባለ ምግብ ቤት፦

እንኳን ደህና መጡ እህቴ። ቄራ አካባቢ አነስተኛ ምግብ ቤት አለችኝ፤ ስለዚህ ከጓዳ በኩል የማውቀውን ልንገርዎ።

በያይነቱን መምረጣችሁ ትክክል ነው። አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ የሚፈጀው መሬት፣ መኖና ውሃ ከአንድ ኪሎ ምስር ጋር ጨርሶ አይወዳደርም። በዚያ ላይ ምስሩ፣ ሽምብራው፣ አተሩና ባቄላው ከአየር ላይ ናይትሮጅን እየወሰዱ አፈሩን ያለማሉ። ገበሬው ከጤፍና ከስንዴ ጋር እያፈራረቀ የሚዘራቸው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ አዚፋና ስልጆ ሲያዝዙ ያለ ሥጋት ይዘዙ።

የጾም ወጥ ግን የሚቆመው በዘይት ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዘይቱ ነው። አብዛኛው ምግብ ቤት የሚጠቀመው ከሩቅ ምሥራቅ በመርከብ የሚመጣውን የፓልም ዘይት ነው፣ ምክንያቱም ዋጋው ከሌላው ይቀላል። የፓልም እርሻ ለማስፋፋት በእስያ ስንት ደን እንደተመነጠረ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። እኛ ባለ ምግብ ቤቶች የምንለየው በኅዳር ብርድ ነው፤ ጠዋት ጓዳ ስንገባ የፓልሙ ጄሪካን ውስጡ እንደ ቅቤ ነጥቶና ረግቶ እናገኘዋለን፣ የኑጉ ግን እንደ ፈሰሰ ያድራል። ኑግ የገዛ አገራችን ተክል ነው፤ ዘይቱ ጠቆር ያለ፣ ሽታውም ወጡ ላይ የሚታወቅ ነው። ስለዚህ አስተናጋጁን «ወጡ በምን ዘይት ነው የተሠራው?» ብለው ቢጠይቁ ነውር የለውም። እኔ በበኩሌ ሽሮና ምስሩን በኑግ፣ መጥበሻውን በሌላ ዘይት እሠራለሁ፣ ሁሉንም በኑግ ልሥራ ብል ዋጋው አያስችለኝም። የጠየቀኝ ደንበኛ ግን እውነቱን ይሰማል። ከዘይቱ ነገር መገላገል ከፈለጉ የሱፍ ፍትፍት ወይም የተልባ ፍትፍት ይዘዙ፤ ቅባቱ ከራሱ ከፍሬው ይወጣል።

ሁለተኛው ቅጠላ ቅጠል ነው። «ከቅርብ የመጣ ምግብ ይሻላል» የሚለውን ምክር ብዙ ሰው ይደግመዋል፤ በእኛ ከተማ ግን ይህ ምክር ጥንቃቄ ይፈልጋል። የምኖርበት ሰፈር ከማሳው አጠገብ ነው፤ ሰላጣው፣ ቆስጣውና ጎመኑ ፋብሪካውም መጸዳጃ ቤቱም በሚለቅበት በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ውሃ ሲጠጣ በየቀኑ አያለሁ። ተመራማሪዎች በዚህ ውሃ በበቀለ ቅጠል ውስጥ እንደ ክሮሚየምና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን ደጋግመው አግኝተዋል። መቀቀል ተሕዋስያኑን ይገድላል፤ ብረቱን ግን ከቅጠሉ ውስጥ አያወጣውም። ስለዚህ ጥሬ ሰላጣ ይተዉ፤ ጎመን ሲያምርዎ ደግሞ ከየት እንደተገዛ ይጠይቁ። ይህን ስናገር በማሳው ላይ በሚደክሙት ሰዎች መፍረዴ አይደለም፤ ወንዙን ያቆሸሹት እነርሱ አይደሉም፣ ሌላ ውሃም የላቸውም።

እንጀራው በኤሌክትሪክ ምጣድ ተጋግሮ ከሆነ እሰየው። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ቢስብም የኃይሉ ምንጭ ውሃ ነው፤ የጋጋሪዋም ዓይንና ሳንባ ከእንጨትና ከቅጠል ጭስ ይድናል። ቡና ግን አሁንም በአብዛኛው በከሰል ነው የሚፈላው፣ ከሰሉም ከግራር ነው። እባክዎ ቡናውን አይተዉ፤ ለሁለት ሰው ብቻ አዲስ ከሰል ከሚያስቀጣጥሉ ግን ጀበናው ለሌላ ሰው ሲጣድ አብረው ይቀመጡ።

አንድ በያይነቱ ለሁለት ይዘዙ፣ ካነሰ ጭማሪ ይጠይቁ። ሁለት ታዝዞ ግማሹ ሲመለስ የሚከፋኝ የእኔ ልፋት ባክኖ ብቻ አይደለም።

ጉባኤ አዘጋጅ፦

ስብሰባና ዐውደ ጥናት በማዘጋጀት ሥራ ላይ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ተሳታፊው በራሱ ሳህን ላይ ከሚያደርገው ምርጫ ይልቅ ለአዘጋጁ አስቀድሞ የሚጽፈው አንድ ደብዳቤ የበለጠ ይሠራል። ምክንያቱን ላስረዳ።

ሆቴሎችና አዳራሾች ምግብ የሚያቀርቡት በተመዘገበው ሰው ቁጥር ነው። እኔ ራሴ ባዘጋጀሁት አንድ ስብሰባ 120 ሰው ተመዝግቦ በሁለተኛው ቀን ለምሳ የቆየው 80 እንኳ አይሞላም ነበር። የምግቡ ሒሳብ ግን የተከፈለው ለ120 ነው፣ የተበሰለውም ለ120 ነው። ከተረፈው ከፊሉ «ቡሌ» ሆኖ ወጣ፤ ስሙን የማያውቅ ካለ፣ ከትልልቅ ምግብ ቤቶች ተሰብስቦ ለድሃው በርካሽ የሚሸጠው ትራፊ ነው። የቀረው ተጣለ። ያልተነካ ምግብ በክብር ለሰው ሊደርስ ሲችል ከሰው ሳህን ከተራገፈው ጋር ተደባልቆ ቡሌ ሲሆን ማየት እስከ ዛሬ ያመኛል።

የሚጣለውም የት እንደሚሄድ እንወቅ። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ የተከመረው ረጲ፣ ቆሼ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ወድቆ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ቆሻሻ እያቃጠለ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ እዚያው ተመርቋል፤ ነገር ግን የእኛ ከተማ ቆሻሻ ትልቁ እጅ እርጥብ የምግብ ትራፊ ስለሆነ በወጉ አይነድም፣ ክምር ውስጥ ሲበሰብስ ደግሞ ሚቴን የተባለውን አየር የሚያሞቅ ጋዝ ይለቃል። የጠርሙሱ ዕጣ ከምግቡ ይሻላል፤ ቆራሌውና የፕላስቲክ ለቃሚዎቹ ይሰበስቡታልና። በጽሕፈት ቤት ቅርጫት ውስጥ ከወረቀትና ከምግብ ጋር ከተደባለቀ ግን እነርሱም አያገኙትም።

ስለዚህ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ለአዘጋጆቹ ይጻፉ። በየጠረጴዛው በሃይላንድ ፈንታ ውሃ በጃግና በብርጭቆ እንዲቀርብ፣ ምሳው በየቀኑ ጠዋት በተገኘው ሰው ቁጥር እንዲስተካከል፣ የስብሰባው ወረቀት በስልክ እንዲላክ ይጠይቁ። አንድ ሰው ሲጽፍ ይዘነጋል፤ ከሦስትና ከአራት መሥሪያ ቤት ተመሳሳይ ጥያቄ ሲመጣ ግን አዘጋጁ ለአዳራሹ የሚያሳየው ማስረጃ ያገኛል። የየራሳችሁን የውሃ መያዣ ይዛችሁ ኑ። ለገበያም የጨርቅ ከረጢት ያዙ፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ከልክሏልና ይህ የበጎ ፈቃድ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ከጉለሌ፦

ስለ መጓጓዣውና ስለ ቅዳሜው እኔ ልጨምር።

ባቡራችሁ የሚያደርሳችሁ ከከተማዋ ዳር ፉሪ ለቡ ነው። ከዚያ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ተሳፍራችሁ ሜክሲኮ ላይ ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን ቀላል ባቡር ያዙ፤ ለገሃርንና ስታዲየምን አልፋችሁ እስጢፋኖስ ላይ ትወርዳላችሁ። እግረ መንገዳችሁን ለገሃር ላይ በመስኮት ብታዩ፣ የድሬዳዋ ሰው ሁሉ ድሮ በናፍጣው ባቡር መጥቶ የሚወርድበት የቀድሞው ጣቢያ እዚያ ነው። ቀላል ባቡሩ ከ2008 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ በኤሌክትሪክ ይሠራል። ጠዋት ወደ ሥራ በሚገባበትና ማታ በሚወጣበት ሰዓት ግን እጅግ ስለሚጨናነቅ ሻንጣ ይዞ መግባት ይከብዳል፣ ስለዚህ በሌላ ሰዓት ይሁን። ማረፊያችሁን እስጢፋኖስ፣ ባምቢስ ወይም ዑራኤል አካባቢ ከያዛችሁ ደግሞ ለሦስቱ ቀን ምንም መኪና አያስፈልጋችሁም። በኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፤ በእግር መሄድ እንደ ቀድሞው ከመኪና ጋር መጋፋት አይደለም።

በጉባኤው መካከል ጊዜ ካገኛችሁ አፍሪካ አዳራሽ ከእጃችሁ ሥር ነው። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ አዳራሽ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ሲሆን፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕልም እዚያው ይገኛል። በቅርቡ ታድሶ ተከፍቷል። ለመጎብኘት አስቀድሞ መጠየቅና መታወቂያ መያዝ ይገባል።

ለቅዳሜ ግን አጥብቄ የምመክራችሁ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን ነው። የከተማው አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ሲሆን ስፋቱ ከ700 ሔክታር በላይ ነው። የውሃ ባለሙያዎች ስለሆናችሁ እዚያ የምታዩት ነገር ከጉባኤው ጽሑፍ ያላነሰ ያስተምራችኋል። የእንጦጦ ተራራ ወገብ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ በመጣው ባሕር ዛፍ ተሸፈነ። ባሕር ዛፉ ያን ጊዜ የማገዶ እጥረት ያስጨነቃትን ዋና ከተማ ታደጋት፤ እስከ ዛሬም ስንት እናት ቅጠሉን በጀርባዋ ተሸክማ ቁልቁል እየወረደች ልጆቿን ታሳድጋለች። ሆኖም ውሃ ይመጥጣል፣ ከሥሩም ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ልብ አይበቅልም፤ ዝናብ ሲጥል አፈሩ ታጥቦ የሚወርደው ወደ ከተማዋ ወንዞች ነው። በማዕከሉ ውስጥ ባሕር ዛፉን ደረጃ በደረጃ በጽድ፣ በወይራ፣ በኮሶና በመሳሰሉት የአገር ዛፎች የመተካት ሥራ ይካሄዳል። ባሕር ዛፉ ካለበት ወደ ጽዱ ስትሻገሩ ጎንበስ ብላችሁ መሬቱን በእጃችሁ ዳስሱ፤ በአንደኛው በኩል አቧራና ደረቅ ቅጠል ታገኛላችሁ፣ በሌላኛው ግን ጥቁርና ርጥብ አፈር።

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ግን 2,400፤ ወደ ተራራው ስትወጡ ደግሞ ከፍታው ይጨምራል። ስለዚህ ይህን ጉዞ በመጡበት ማግስት አያድርጉት፣ ትንፋሽ ያጥራል። ቅዳሜ ማድረጋችሁ መልካም ነው። የኅዳር ጠዋት ብርድ ለቆላ ሰው ቀላል ስላልሆነ ወፍራም ልብስ አትርሱ።

የሽሮ ሜዳው ሸማኔ፦

ከጉለሌ ስትመለሱ ሽሮ ሜዳ ሩቅ አይደለም። ስጦታ የምትገዙ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። አሁን ገበያው በፋብሪካ በታተመና በሰው ሠራሽ ክር በተሠራ «የሐበሻ ልብስ» ተጥለቅልቋል፣ ከሩቅ ሲያዩትም አይለይም። ባለ ሱቁን አስፈቅዳችሁ ከጠርዙ አንድ ክር ምዘዙና በክብሪት አያይዙት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት እየሸተተ ይነድና አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሹ ግን ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሠራል። በእጅ የተፈተለ ማግ ደግሞ አንዳንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንዳንድ ቦታ ይቀጥናል። ይህን እንደ ጉድለት አትቁጠሩት፤ የፈታይዋ እጅ ነው።

የሳቢያኗ (ድሬዳዋ)፦

ተመልሰን ገብተናል፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

ለአዘጋጆቹ ከሌሎች ሁለት ከተሞች ባልደረቦች ጋር ሆነን ጽፈን ስለነበር በመጀመሪያው ቀን ጃግ ቀርቦ ጠበቀን። ይሁን እንጂ ከጃጉ የቀዳው ሰው በጣም ጥቂት ነበር። ጠዋቱ ሳይጋመስ ሰዉ «የታሸገ ውሃ የለም ወይ?» እያለ መጠየቅ ጀመረ፣ ጠርሙሱም ተመልሶ መጣ። ሁላችንም ከቧንቧ ውሃ የምናጠጣ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች ነን፤ የገዛ ሥራችንን ውሃ እኛው ሳናምነው ሕዝቡ እንዴት ይመነው ብዬ እጅግ አዘንኩ።

በሁለተኛው ቀን ባልደረባዬ ለመስክ ሥራ የሚይዛትን፣ ውሃውን ከተሕዋስያን የሚጠብቀውን ክሎሪን የምትለካ መመርመሪያ ከቦርሳው አወጣ። ውሃው በቀጥታ ከቧንቧ የተቀዳ መሆኑን አስተናጋጇን ጠይቆ ካረጋገጠ በኋላ በትንሿ ብልቃጥ ከጃጉ ቀድቶ አንዲት እንክብል ጨመረባት። ብልቃጧን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ ሲያደርጋት ውሃው ቀስ እያለ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም ያዘ። ከቀለም ሰሌዳው ጋር ሲተያይ በሊትር 0.3 ሚሊ ግራም ሆነ፤ ለመጠጥ ውሃ ከሚፈለገው ከ0.2 እስከ 0.5 መካከል ነው። በዙሪያው ሰባት ስምንት ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ አንድ በዕድሜ የገፉ መሐንዲስ ምንም ሳይናገሩ ብርጭቆአቸውን አንሥተው ከጃጉ ቀዱ። ከዚያ በኋላ በእኛ ጠረጴዛ አካባቢ ጃጉ ሁለት ጊዜ ተሞላ። በሌላው አዳራሽ ግን እስከ መጨረሻው ቀን ጠርሙስ እንደተደረደረ ነበር።

የኑግ ዘይቱን ነገር በሦስት ምግብ ቤት ጠየቅን። ሁለቱ ፓልም መሆኑን ነገሩን፤ ሦስተኛዋ ባለቤት ራሷ ከጓዳ ወጥታ ጠርሙሱን አሳየችን፣ ሦስቱንም ቀን ምሳችንን እዚያው በላን። ጉለሌ እንደተባለው ነው፣ አፈሩንም ዳሰስነው። ያልተሳካልን የሻይ እረፍቱ ነው፤ በየቀኑ ኬክና ሳንቡሳ በትሪ እንዳለ ተመለሰ። ጉባኤ አዘጋጁ ወንድሜ፣ በመጪው ዓመት የዚሁ ጉባኤ ተራ ወደ ድሬዳዋ ስለሚመጣ አዘጋጆቹ እኛው ነን። ከሆቴሉ ጋር በምንዋዋልበት ጊዜ ስለዚህ ምን ብለን እንጻፍ?

ጉባኤ አዘጋጅ፦

እህቴ፣ ውሉ ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃችኋል። ክፍያው ከስብሰባው 48 ሰዓት በፊት እናንተ በጽሑፍ በምታረጋግጡት ቁጥር እንዲሆን፤ የሻይ እረፍት ምግብ ጠዋትም ከሰዓትም ከሚቀርብ ይልቅ የጠዋቱ ቆሎ፣ ዳቦና የወቅቱ ፍራፍሬ ብቻ፣ የከሰዓቱ ደግሞ ቡና ብቻ እንዲሆን፤ ከጓዳ ያልወጣና ሰው ያልነካው ምግብ ለማን እንደሚሰጥ በስም እንዲጻፍ። ሦስተኛውን ከመፈራረማችሁ በፊት ተቀባዩን ራሳችሁ ፈልጋችሁ አነጋግሩ። በውሉ ላይ የተቀባዩ ስም ካልሰፈረ ምግቡ ማታውኑ ወደ ቡሌ ይሄዳል።